ጎኝ አልተነሳም

ውድ ኛጋች፣

እንዴት ከርመሻል? መቱ ከተማ ብርድ ነው አሉ፤ ጋቢ ተከናንበሽ አሮጊት መስለሽ ታየሽኝ። ሳቅሽ? እንግዲያው ጥርስሽን ክደኚ፤ ከዚህ በኋላ የሚያስቅ የለኝም።

ወንድምሽ ጎኝ ለፈተናው አልተቀመጠም። ክልሉ የራሱን ልጆች ለጤና ረዳትነት ሊያሠለጥን ሲመለምል፣ ጎኝ አንደኛ ይወጣል ብለን ነበር። ይዘኸው ሂድ ብለሽ አደራውን ለእኔ ሰጠሽ። ከሰባተኛ ክፍል ለተባረርኩት ለእኔ።

ጧት የቪዲዮ ቤቱ ጄኔሬተር ሲነሳ ይገባል፣ ሲጠፋ ይወጣል። ያየውን ደግሞ ያያል። ባለቤቱ እንኳ ይሄ ልጅ ቤት የለውም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቤትማ አለው፤ እናታችሁ ካረፉ፣ አንቺም ለሥልጠና ከሄድሽ ወዲህ ግን የሚያናግረው የለም። ትምህርት ቤቱም አስተማሪዎቹ ግማሾቹ ወደ ደጋ ተመልሰው ጭር ብሏል። ቪዲዮ ቤት ግን ሰው አለ ይለኛል። ሰው የሚለው ጀርባውን ሰጥቶት ቴሌቪዥን ላይ ያፈጠጠውን ሁሉ ነው።

እዚያ የሕንድ ፊልሙን የምተረጉመው እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ሕንድኛ አልችልም፤ አፋቸውን ሲከፍቱ የመጣልኝን በአማርኛም በኑዌርኛም እላለሁ። በፈተናው ዋዜማ ዘዴ አሰብኩ። የአክተሩ እናት በር ላይ ቆማ ስትጣራ፣ ድምፄን አቅጥኜ፣ ልክ እናታችሁ ከባሮ ዳር ይጠሩት እንደነበረው አስረዝሜ፣ በቋንቋችሁ «ጎኝ፣ ልጄ፣ ነገ ፈተና አለህ፤ ተነሥና ግባ» አልኩ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ጎኝ አልሳቀም። አልተነሳምም።

በማግስቱ ልወስደው ቤት ብሄድ የለም። ቪዲዮ ቤቱ ሳይከፈት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ፈተናው ሊጀመር ነው ብዬ እጁን ስጎትተው፣ ቀስ ብሎ አስለቀቀኝና፦

«ነጂብ፣ ያንን ፊልም ድገሙት በላቸው። ዛሬም ትጥራኝ» አለኝ።

እጁን ደግሜ አልጎተትኩም።

ከዚያ ወዲህ መተርጎም ትቻለሁ፤ ፊልሙ እንዲሁ በሕንድኛ ይሄዳል። እሱ ግን ያቺ ሴትዮ ብቅ ስትል አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ስሙን ሳትጠራ ታልፈዋለች። ነገም ይመጣል።

ለሚመጣው ዓመት ምልመላ አደርሰዋለሁ ብዬ ልምልልሽ ፈልጌ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ምሳውን ይዤለት እገባለሁ፣ እስኪበላም አጠገቡ እቀመጣለሁ። ከዚህ በላይ ቃል ልገባልሽ አልችልም።

ነጂብ
ከጋምቤላ