የትርንጎ ቀኝ ጉልበት

ማክሰኞ፣ የካቲት ፲፩

ዛሬ ትርንጎን «እሁድ አትሮጪም» አልኳት። ከማሠለጥናቸው ልጆች መካከል በሩጫ የሚደርስባት የለም። ሯጮች የሚመለምለው ክለብም ለእሁዱ ውድድር ላሊበላ ድረስ የሚመጣው እሷን ብሎ ነው።

ጠዋት ከአሸተን ማርያም ተራራ ቁልቁል እየሮጠች ስትወርድ ከፊቷ ቆሜ አየኋት። መሬት በረገጠች ቁጥር ቀኝ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ይገባል። አስቁሜያት በቀኝ እግሯ ብቻ ቆማ ዝቅ እንድትል አደረግኳት። እንደዚያም ሆና ጉልበቷ ወደ ውስጥ ዞረ።

«ያምሻል?»

«ትንሽ» አለች፣ አቀርቅራ።

እኔም በእሷ ዕድሜ «ትንሽ» ነበር የምለው። አረጋገጤን ያረመልኝ ሰው አልነበረም፤ ጉልበቴ ተጎድቶ ገና በሃያ ዓመቴ መሮጥ አቆምኩ።

ከሰዓት አባቷ አያ ሞላ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ።

«መምህርት፣ ልጄ ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋችም። አረጋገጧ ጉልበቷን እየጎዳው ነው። ሁለት ወር ቀስ ብለን ካስተካከልነው ይድናል።»

«ክለቡስ ሁለት ወር ይጠብቃታል?»

«አይጠብቃትም» አልኳቸው። ባርኔጣቸውን ደፍተው ሄዱ።

ትርንጎ ግን አልቀረችም፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሜዳ መጣች። ከሜዳው ዳር ካለው ደረጃ ላይ በአንድ እግር ቀስ እያለች መውረድን አለማመድኳት። እያለቀሰች ሠራች። አንዴ ብቻ ጉልበቷ ቀጥ ብሎ ወረደ።

ስትሄድ «ቲቸር፣ እርስዎ ባይፈቅዱም እሁድ እሮጣለሁ» አለችኝ።

ስሟን ከተወዳዳሪዎቹ ዝርዝር መሰረዝ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። ዝርዝሩ አጠገቤ ነው። እስክሪብቶውን ሁለቴ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።