በዲንሾ በኩል ያለፈው አውቶቡስ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለማናልበሽ በየነ
ባሕሬን

ማናልዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽን ያመመሽ ነገር ተሻለሽ? ሙቀቱስ ጀመረ? እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ። ያለ አንቺ ስንት ፋሲካ እንደገደፍን እማዬ ትቆጥራለች፤ እኔ መቁጠሩን ትቻለሁ። እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ ናፍቆትሽ ነው እንጂ የሚያስቸግረን።

የአሠሪሽ ልጅ ተፈትናበት የሰጠችሽ፣ ጓደኛሽ ጤቤ ለዕረፍት ስትመጣ በሻንጣዋ ያመጣችልኝ የሥነ ልቦና መጽሐፍ እያለቀልኝ ነው። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናሽ ይጠቅምሻል ብለሽ ነበር የላክሽው። አልነገርኩሽም እንጂ በእኛ ፈተና ውስጥ ሥነ ልቦና የሚባል ትምህርት የለም። ሮቤ ውስጥ የሚያስተምረኝ ሰውም አላገኘሁም። ግን አንዴ ጀምሬው መተው አቃተኝ። አዲስ አበባ አንድ ትምህርት ቤት ይህንኑ የልጅቷን ፈተና የራሱ ተማሪ ላልሆነ ሰውም እንደሚሰጥ ሰማሁና ተመዘገብኩ፤ ግንቦት መግቢያ ላይ እፈተናለሁ። አባባ እብድ ልታክሚ ነው ወይ እያሉ ያሾፉብኛል፤ ለጎረቤት ሲያወሩ ግን ልጄ የሰው ልብ ታጠናለች ይላሉ።

የማጠናው ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ነው። በዚህ በበልግ ጉሙ ከሳነቴ ተራራ ወርዶ ጎባን ሲሸፍን፣ ከዚያም በስንዴው ላይ ቀስ እያለ እኛ በር ድረስ ሲመጣ፣ መጽሐፉን እንደያዝኩ እፈዛለሁ። ያነበብኩት እንዳይጠፋብኝ ከሮቤ እስከ ጎባ ባለው መንገድ ላይ በሐሳቤ አስቀምጬዋለሁ፤ ስለ እንቅልፍ የሚለውን ድልድዩ ላይ፣ ስለ ፍርሃት የሚለውን ውሻ በሚበዛበት መታጠፊያ። ሚኒባስ ስሳፈር ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ረዳቱ የምጸልይ ይመስለዋል።

የተቸገርኩት ስለ ትዝታ የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ነው። ሰው ያላየውን ነገር፣ ሲወራ ደጋግሞ ስለሰማው ብቻ፣ እንዳየው አድርጎ ሊያስታውስ ይችላል ይላል። ልጅቷ ከሥሩ ሁለቴ አስምራበታለች። እኔ አንቺ የሄድሽበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ ስድስት ዓመቴ ነበር። አረንጓዴ ሹራብ ለብሰሽ ከአውቶቡሱ መስኮት እጅሽን ስታውለበልቢልኝ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ይህን ለአባባ ስነግራቸው፣ አንቺማ የዚያን ቀን ሮቤ አልነበርሽም አሉኝ። እንዳላለቅስ ብለው ከሁለት ቀን በፊት ዲንሾ፣ አክስታችን እትዬ ጣይቱ ጋ ወስደውኝ ነበር። መቼም በእኛ ቤት ሰው ሩቅ አገር ሲሄድ ሕፃን ይሸሸጋል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጽሐፉን ዘግቼ አለቀስኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትናፍቂኝ የምሄደው ወደዚያች መስኮት ነበር። እሷም ከሌለች ስንብታችን የት ሄደ? ሦስት ቀን ገጹን መግለጥ አቃተኝ። በአራተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የአዲስ አበባ አውቶቡስ እኮ የሚያልፈው በዲንሾ ነው፤ የእትዬ ጣይቱ ቤት ደግሞ አስፋልቱ ዳር ነው። ከአንቺ ሊሸሽጉኝ ወስደው መንገድሽ ላይ አስቀመጡኝ! አባባ ይህን ስላቸው መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው ዐይናቸውን ጠረጉ። አውቶቡሱ ግን እዚያ አይቆምም ነበር ይላሉ። እትዬ ጣይቱ የምታስታውሰው በር ላይ ቆሜ መኪና ስቆጥር መዋሌን ብቻ ነው።

እማዬ ዐይንሽን ትስማለች፤ ደህና ብዪ እንጂ ሥራ አታብዢ ብላለች። አባባ በጸሎት እንዳትረሺን ይላሉ። ታናሻችን ፍቅረሥላሴ ቁመቱ በልጦኛል፣ ሰላም በያት ብሏል። ጎረቤታችን እትዬ ጁሀራም በኦሮምኛ አከም ጅርታ ብለሽ ሰላም በዪልኝ፣ በዱዓዬ አልረሳትም ብላለች።

ፈተናው ላይ መጽሐፉ የሚለውን እጽፋለሁ። ነገር ግን ልፈተን ስሄድ በዚያው በዲንሾ ነው የማልፈው። ጤቤ ተመልሳ ይህን ደብዳቤ እንደሰጠችሽ መልስሽን በስልክ ላኪልኝ፤ ደስ ይበላት ብለሽ ግን እንዳትዋሺኝ። ያን ቀን አውቶቡሱ ውስጥ በየት በኩል ነበር የተቀመጥሽው? እኔም እዚያው እቀመጣለሁ።

እህትሽ ሐመልማል በየነ
ሮቤ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.