ከአባቴ ስም ሥር ስላለው ሰው

ለተከበሩ የፖሊስ ሽልማት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዲበዛልዎ፣ ወንበርዎም እንዲጸናልዎ በታላቅ ትሕትና እመኛለሁ።

በአባቱ ደረት ላይ የሚያብረቀርቀው ሜዳሊያ ከዚያ በፊት የት ነበር ብሎ ያልጠየቀ ልጅ ይኖራል? እኔም ዘንድሮ በታሪክ ትምህርት ተመርቄ፣ ሥራ እስካገኝ እጄን ላፍታታ ብዬ፣ አባቴ ጡረታ ሲወጣ ክፍልዎ የሸለመውን የረጅም ዘመን አገልግሎት ሜዳሊያ ታሪክ ልጽፍ ተነሣሁ።

አንደኛ፣ ሜዳሊያውን በጨርቅ ስወለውለው ከጀርባው፣ ከአባቴ ስም ሥር፣ በቅጡ ያልተፋቀ ሌላ ስም ብቅ አለ። የቆየ ሜዳሊያ ፍቆ ለሌላ መስጠት የክፍሉ ልማድ መሆኑን ስም የሚቀርጸው ሠራተኛዎ «ብረት አይሞትም፤ የሚሞተው ባለቤቱ ነው» ብሎ እየሳቀ አስረድቶኛል። ስለ ቁጠባዎ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ሁለተኛ፣ ስሙ የማላውቀው ሰው ቢሆን ምንኛ በቀለለኝ! የአባቴ የጥበቃ ጓደኛ የነበረው፣ ሰፈሩ «ባለፉጨቱ» የሚለው፣ በሥራ ላይ ሳለ የተገደለው ሰው ነው። ባለቤቱ፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ ጎረቤታችን ናቸው። ደጅ በጠኑ ቁጥር ቢሮዎ የሚሰጣቸው መልስ «የባለቤትዎ ሜዳሊያ ገና አልደረሰም» የሚል ነው። እንዴት ይድረስ፣ እኛ ሳሎን ተሰቅሎ!

ሦስተኛው አባቴ ነው። ስሙን ካነበበ ወዲህ ሜዳሊያውን ፊት ለፊቱ ካለው ወንበር ላይ አስቀምጦ «አንተ» እያለ ያወራዋል፤ ሻይም ይቀዳለታል። እናቴ «ኧረ ተው፣ ሰው ይሰማሃል!» ስትለው «ዝም በይ፣ እያፏጨ ነው» ይላታል። በእትዬ ደጅ ማለፍ ትቷል፤ «ሲያዩኝ ደረቴን ነው የሚያዩት» ብሎ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። እኔ በሙት መንፈስ አላምንም፤ ዲግሪዬም አይፈቅድልኝም። ትናንት ግን ጨርቄን ላነሣ ባዶው ሳሎን ስገባ ፉጨት ሰምቼ፣ ጨርቁን ሳላነሣ ወጥቻለሁ።

ስለዚህ የባለፉጨቱን ስም መልሰው አስቀርጸው፣ በገዛ እጅዎ ለእትዬ እንዲያስረክቡ እለምናለሁ። አባቴ ባዶ ደረት ይሻለኛል ብሏል። ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምታነቡ ሁሉም፣ ቤታችሁ ያለውን ሜዳሊያ ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጉና ከሥር ያገኛችሁትን ስም ጻፉልኝ፤ ታሪኩን አብረን እንጨርሰው።

ውለታዎን ከቤቱ ማስወጣት ያቃተው፣
የሜዳሊያዎ የሁለተኛው ባለቤት ልጅ

ሳልረሳው፦ እርስዎም ጡረታ ሲወጡ መሸለምዎ አይቀርምና፣ ከስምዎ ሥር ማን እንዳለ እንዲያዩበት ጨርቄን አያይዤ ልኬያለሁ። ዛሬ ገብቼ አነሣሁት፤ ፉጨቱ ግን አልቆመም።