የእማማ ዘይነባ ስቲም

አልዋሸሁም! «ደግሞ ምን ውሸት ይዘሽ መጣሽ» ብለህ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስትዘጋው እኮ ገና «ሄሎ» ነበር ያልኩት። ሄሎ ውስጥ ምን ውሸት አለ? በጎረቤታችን በአልማዜ ስልክ የደወልኩት የኔን ቁጥር ብሎክ ስላደረግከው ነው። አሁን የሷንም ዘጋኸው። ምን በደለችህ ሴትዮዋ?

እሺ፣ ሰላምታ ይቅደም። እማዬ «ደብዳቤ በጥል አይከፈትም» ትላለች። ውድ ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ? የሰበታ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ? አሁንም ከባኞ ስር ስትነሳ እንደ ሽማግሌ ታቃስታለህ? እኛ ደህና ነን። ማለት እማዬ ደህና ናት። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ስሮጥ ነው፣ ይሄንንም ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌን አይተህ እንዳትስቅ። «ከአስረኛ ክፍል የወጣች ሰው እንዲህ ነው የምትጽፈው» ካልክ ቅደደው። አይ፣ እንዳትቀደው! እስከ መጨረሻው አንብበው።

ዛሬ ውሃ መጣ።

በአስራ ሁለት ቀኑ። ሰፈሩ በሙሉ ጀሪካን ይዞ ሲራኮት እኔ ቀን ቆጠርኩ። የእማማ ዘይነባን ስቲም፣ የእንፋሎት መታጠቢያውን፣ ገጥመን ጨርሰን የወጣን ዕለት ማታ አይደል ውሃው የሄደው? ከዚያ ወዲህ ማሽኑ አልበራም። ዛሬ ግን ከመግሪብ ሶላት በኋላ እማማ ዘይነባ ለጉልበታቸው ሊገቡበት ነው። የልጅ ልጃቸውን ሰልዋንም ይዘው። ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ፎጣዋን አንገቷ ላይ አድርጋ ግቢውን ትዞራለች።

አሁን የምልህን ቁጭ ብለህ አንብብ።

ያን ቀን መርካቶ የስቲም ክፍሉን በር ላስቲክ ልትገዛ ስትወጣ ከማሽኑ ጎን ያለችው ቀጭን ቧንቧ ታንጠባጥብ ነበር። «እሷን እንዳትነኪ፣ የማሽኑ አፍ ናት፤ እንፋሎቱ ሲበዛበት በሷ ነው የሚተነፍሰው» ብለኸኝ ሄድክ። ሰምቼሃለሁ፣ አልሰማሁም አልልም። ግን የእማማ ዘይነባ ልጅ ኑሕ መጣ። ጠብታዋን አየና «ሰፈሩ ውሃ ተጠምቶ እናንተ መሬት ታጠጣላችሁ? አንቺ ልጅ፣ ትምህርቱም አልሆነልሽ፣ ቧንቧውም አልሆነልሽ» አለኝ። ደሜ ፈላ። «የሚያንጠባጥብ ሥራ ትቶ የወጣ ስሙን ትቶ ወጣ» የምትለውስ አንተ አይደለህ? ከሳጥንህ የግማሽ ኢንች መድፈኛ አወጣሁ፣ ቴፍሎን ጠቀለልኩበት፣ በመፍቻ ጥርቅም አድርጌ አጠበቅኩት። ጠብታዋ ቀጥ አለች። ኑሕ ደግሞ «አየሽ፣ ሲሰድቡሽ ትችያለሽ» ብሎ ሳቀ። የሰደብኩት ያኔ ነው። ስድቡን ሰምተሃል፣ አልደግመውም፤ ግን ይገባው ነበር።

ስትመለስ ወለሉ ደርቋል። «ቆመ እንዴ?» አልከኝ። «አስተካከልኩት» አልኩህ። ወገብህን ስለሚያምህ ጎንበስ ብለህ ማሽኑ ያለበት ካቢኔ ውስጥ አላየህም። አመንከኝ። ወዲያው ኑሕ ስድቤን ነገረህ፣ አንተም «ከነገ ጀምሮ ከኔ ጋር አትሠሪም» አልክ። እኔም እልሄ ያዘኝና መድፈኛውን ሳልነግርህ ወጣሁ። ስለዚህ ከላይ «አልዋሸሁም» ያልኩትን ሰርዘው።

ዛሬ የቀዳሁት ጀሪካን ስር ጣት የሚያክል ቀይ ደለል ተኝቷል። ያ ጭቃ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ የእንፋሎቱን መውጫ ቢዘጋውስ? አፉን ደፍኜዋለሁ። በየት ይተንፍስ? መፈንዳቱ እኮ ነው!

ጀሪካኑን ጥዬ ወደ እማማ ዘይነባ ግቢ ሮጥኩ። ዘበኛቸው ያደሳ በሩን ጣት በሚያስገባ ስንጥቅ ከፍቶ «ኑሕ ያቺ ምላሰኛ ብትመጣ እንዳትከፍት ብሎኛል» አለኝ። ጮህኩ። ውሻው ጮኸ። እማማ ዘይነባ ራሳቸው በከዘራቸው እየተደገፉ ወጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ «እኔ ነኝ የደፈንኩት፣ በአላህ እንዳያበሩት!» አልኩ። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ሳቁ። «ልጄ፣ ከወንድምሽ ጋር ስለተጣላሽ ሥራውን ልታጠፊበት ነው? እሱ እኮ ሲወጣ ‹ያቺን ቦታ የጨረሰችው እህቴ ናት፣ እጇ ከኔ ይበልጣል፣ ሐሳብ አይግባዎት› ብሎኛል» አሉኝ። ያደሳ በሩን ዘጋው።

እንዲህ ብለሃቸዋል? ካባረርከኝ በኋላ?

እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አላለቀስኩም። ጉንፋን ይዞኝ ነው።

አሁን ከግቢያቸው ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ደጃፍ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት እንዲጠፋ ጸለይኩ። በየቀኑ ሲጠፋ የከረመው መብራት ዛሬ ጭራሽ ቦግ ብሏል። ይህን ወረቀት የሚሰጥህ አብርሽ ነው፣ የአየር ጤና ሰበታ ታክሲ ረዳቱ። ስምንት ሰዓት ላይ ይነሳል። «ሳያነብ ከፊቱ ንቅንቅ እንዳትል» ብዬዋለሁ፣ እንዳትቆጣው።

የነሱ ቁጥር ያንተ ስልክ ላይ ነው ያለው፣ የሚያምኑትም ያንተን ድምፅ ነው። መጀመሪያ ለእማማ ዘይነባ ደውል። ብሬከሩን ያውርዱት፣ መድፈኛው ሳይፈታ ማንም እንዳያበራው። «እጇ ከኔ ይበልጣል» ያልከውን መልሰህ ውሰድ። «እኔ አላየሁትም፣ እሷ ናት ያበላሸችው» በላቸው። ስሜን ጥራ። ኑሕ ሰፈር ለሰፈር ያውራው፣ ግድ የለኝም።

ከዚያ ቁጥሬን ክፈትና ለኔም ደውል። ስድብ ቢሆንም ዝም ብዬ እሰማለሁ፤ ከኔ አይተህ የማታውቀውን ዝምታ ታያለህ።

እመቤቴ ወገብህን ትማርልህ፣ እጅህን ከክፉ ትጠብቅልህ። እማዬ ሳሚልኝ ብላለች፤ ይሄን ነገር ግን አልነገርኳትም።

እጇን ያመንካት
እህትህ

አብርሽ የሚነሳበትን ሰዓት አውቃለሁ፣ «ዘግይቶ ደረሰኝ» አይሠራም። ሰልዋ ፎጣዋን እንደያዘች ነው። ሳይመሽ ደውል። ሰምተሃል? ሳይመሽ!