ቀመሪያ አሳምራ ያነበበችልኝ

ይድረስ ከቢቸና ወዲያ ላለችው ለታላቅ እህቴ ለሸዋገነት።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ከብቱ፣ ጓሮው፣ ጌሾው ደህና ነው? ያ የወገብሽ ቁርጥማትስ ለቀቀሽ? ምላስሽን አልጠይቅም፤ እሱ ታሞ አያውቅም። እኔ ከድሬ ሙቀት በቀር ምንም አልነካኝም፤ ተመስገን፣ ድንጋይ ነኝ።

በመጀመሪያ ይህን ጽሑፍ አተኩረሽ እዪው። የማን እጅ ይመስልሻል? የእኔ የአየነው ነው! ያ "ፊደል ሲያይ እንደ በግ ያፈጣል" ትዪው የነበረው ወንድምሽ። እዚሁ ሰፈራችን ሳቢያን የማታ ትምህርት ገብቼ በስምንተኛው ወር ከሃያ ሦስት ሰው ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣችው ሴትዮ ድሮ አራተኛ ክፍል ደርሳ የረሳች ናት፤ እሷን ካልቆጠርን አንደኛ እኔ ነኝ። መምህራችን ማህደር "አየነው፣ ፊደሉን እንደ ኩንታል ነው የምትከምረው" ትለኛለች። ቀንታ ነው። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ተሸካሚው ሁሉ "ክሬን" ይለኝ ነበር፤ አሁን "ክሬን ጸሐፊው" ሆኛለሁ።

ወደ ወሬው ልግባ። ልጁ ቤት ገባ። ስልሳ ሦስት ቀን ሆስፒታል ማሞቂያ መስታወት ውስጥ ተኝቶ፣ ኪሎ ከሁለት መቶ ሆኖ ተወልዶ ኪሎ ከስምንት መቶ ሆኖ ወጣ። መቶ ኪሎ በቆሎ ተሸክሜ ደረጃ የምወጣው ሰውዬ፣ እሱን ይዤ ከባጃጅ ስወርድ ባለባጃጁን ክንዴን ደግፈኝ አልኩት። ይህን ለማንም እንዳትናገሪ።

ሲያስወጡን ነርሷ ደጋግማ ነግራናለች። ልጁ ገና የራሱ ሙቀት የለውም፤ ገላ ለገላ፣ ደረት ላይ ታስሮ መዋልና ማደር አለበት፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበላል። ሰምቻለሁ። ግን እታለም፣ ድሬ ላይ ቆሞ ልጅ ይበርደዋል ሲሉት የሚያምን ማን አለ? እዚህ አገር ጠላታችን ፀሐይ ናት።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ሚስቴ ቀመሪያ ልጁን ደረቴ ላይ አስራልኝ ገላዋን ልትታጠብ ገባች። ቆርቆሮው ይንጣጣል፤ ላቤ በእሱ ላይ ይወርዳል፤ እሱ የሱፍ ቆብ አድርጎ ቀልቷል። ጎረቤታችን ሃሊሞ በበሩ ብቅ አለችና "ዋሪያ አየነው! ልጁን ልትጠብሰው ነው? ኧረ አቦ፣ አየር ይግባው!" አለች። እኔም አዘንኩለት። ፈታሁትና ቆቡን አውልቄ ፍራሹ ላይ አስተኛሁት፤ ቬንትሌተሩንም ለቀቅኩበት። "በል፣ የአባትህን ንፋስ ብላ" ብዬ ቀልጄበታለሁ። ትንሽ ቆይቶ ዝም አለ። ተኛልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ቀመሪያ ወጥታ ስታየው ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። እግሩን ብነካው የወንዝ ድንጋይ። ነጥቃ ደረቷ ውስጥ ከተተችውና ጀርባውን ታሽ ጀመር። እኔ ባጃጅ ልጠራ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ይዤ ስመለስ እንደ ድመት ግልገል ሲያለቅስ ሰማሁት። እንደዚያ ያለ ዘፈን ሰምቼ አላውቅም። ሃሊሞ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ "ወላሂ እኔ ነኝ የገደልኩት" እያለች ታለቅሳለች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ልጁን ለመንካት ትፈራለች። ቀመሪያ ግን ቀና ብላም ሳታየኝ ጀርባውን ማሸቷን ቀጠለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሲረጋጋ "የሆስፒታሉ ወረቀት ቆርቆሮው ሳጥን ውስጥ አለ። ተምረሃል አይደል? አውጣና ራስህ አንብበው" አለችኝ። ልጁን አስራ ስለነበር መነሳት አልቻለችም። ሳጥኑን ስከፍት ከላይ ያገኘሁት የአንቺን ደብዳቤ ነው፤ ልጁ በተወለደ በሁለተኛው ሳምንት፣ እስከ ደጀን እህል በሚያመላልሰው በሹፌሩ በፍራኦል እጅ የላክሽውን።

ያኔ የሰው እጅ ጽሑፍ ገና አልገባኝም ነበርና ሆስፒታሉ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ቀመሪያ ነበረች ያነበበችልኝ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እህቴ ቀመሪያ አይዞሽ፣ ትንሽ የተወለደ ትልቅ ይሆናል፣ ልጁን ሳሙልኝ" ብለሻል አለችኝ። እኔ ክሬኑ ሰው ፊት አለቀስኩ። በማግስቱ አብሮኝ ለሚሸከመው ለጃማዕ "እህት እንዲህ ናት፣ ያንተዋ ግን የት አለች?" ብዬ ጎረርኩበት።

አሁን በጣቴ እየተከተልኩ ራሴ አነበብኩት። እኔ ፈጣን አንባቢ አይደለሁም እታለም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ቃል ለየብቻው ዋጥኩት። "የሰባት ወር ልጅ ሰው አይሆንም። እዚያው ቢቀር ለሁላችሁም እረፍት ነው። የዚያች ሴት ማህፀን ወንፊት ነው። ሌላ አታጣም።" "ሳሙልኝ" የሚለውን ፈለግኩ። ገልብጬ ከጀርባው ፈለግኩ። የለም። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የሚለውን ከራሷ ያወጣችው ሙስሊሟ ሚስቴ ናት። ደግ እህት ምን ብላ እንደምትጽፍ ከአንቺ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ስፌቷ ገና ሳይደርቅ፣ እርግማንሽን በዓይኗ እያየች በአፏ ምርቃት አደረገችው።

አንቺ የቀበርሻቸው ሁለቱ ልጆችሽ ዘጠኝ ወር የሞሉ ነበሩ። እናታችን ነፍሷን ይማርና ያኔ ስለ ማህፀንሽ ምን አለች? አልጋሽን አነጠፈች፣ እግርሽን አጠበች እንጂ ወንፊት አላለችሽም። ይህን ስታነቢ እንደሚያምሽ አውቃለሁ። እንዲያምሽ ነው የጻፍኩት። የልጁንም ስም አልነግርሽም፤ ሰው ለማይሆን ስም ምን ያደርግለታል?

ይህን ሁሉ ማንበቤን ቀመሪያ አታውቅም። ደብዳቤውን ወደ ቦታው መልሼ የሆስፒታሉን ወረቀት ብቻ አነበብኩላት። ገና ስንት ሳምንት እንዲህ ታስሮ መዋል እንዳለበት ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። እናቷ ሞታለች፤ እኔ ቀን ቀን ቀፊራ ነኝ። ብቻዋን አስራው ትውላለች፤ ቆማ ታንቀላፋለች። ከወደቀች ከእሱ ጋር ነው የምትወድቀው። "ሦስተኛ ደረት ያስፈልገናል። እህትህን ጥራት፤ እጅህ ተፍታቶ የለ፣ ራስህ ጻፍላት" አለችኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

አሁን ደግሞ "እስቲ ያልካትን አንብብልኝ" አለች። አነበብኩላት። "እታለም፣ ናፍቀሽናል። ልጁ ግንባሩ ያንቺ ነው። ቀመሪያ ደክሟታል፤ ደረትሽን ይዘሽ ቶሎ ነይልን" አልኩ። ዓይኔን ከወረቀቱ አላነሳሁም። እንዲህ ማንበብን ያስተማረችኝ ማህደር አይደለችም። ቀመሪያ ሳቀችና "ቅቤ ለጸጉሬ ታምጣ፤ ልጁን ግን ቅቤ አናውጥም ብለህ ጨምርበት" አለች። ጨመርኩ፤ ይኸው።

እንግዲህ እኔ ነይ ብዬ አልጻፍኩልሽም። በእሷ ጆሮ ግን ጠርቼሻለሁ። ከነገ ጀምሮ በር በሩን ታያለች። ከቀረሽ "ደብዳቤው መንገድ ላይ ጠፍቶ ነው" ብላ ለአንቺ ሌላ ሰበብ ትሠራልሻለች፤ ልማዷ ነው። ከመጣሽ ስሙን ከእሷ አፍ ትሰሚያለሽ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ገበጣ ላይ እያታለለ እንደበላኝ አሁን መቁጠር ስለቻልኩ ነቅቼበታለሁ። አክስታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ከዚህ ቤት ሃሊሞ ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች። ቀመሪያ ሁለቱንም ጉንጭሽን ስማሻለች፤ ይሄኛው እውነት ነው፣ አሁን ከአፏ የወጣ። ልጁ ሰላም አላለሽም። እሱ ሰው በመሆን ላይ ነው፤ ጊዜ የለውም።

ወንድምሽ አየነው፣ በገዛ እጁ።

ድሬ ዳዋ፣ ሳቢያን
ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.