ቆጮ የተሸከመችው ሴት አማካይ ፍጥነት

አባዬ፣

ትተኸን ከሄድክ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነህ። ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ለአንተ ዋሽቼ አላውቅም። እማዬ ጉልበቷን እያመማት ቢሆንም ደህና ናት። እኔ ግን ሰሞኑን ራሴን ጠልቼው ነው የሰነበትኩት። ይህን የምነግረው ሌላ ሰው ስላጣሁ ነው የምጽፍልህ።

ጥቁር ቀለም ቀብተህ ሰሌዳ ያደረግከው የጓዳ በር ትዝ ይልሃል? ቁርስ ሳንበላ በየቀኑ አንድ ጥያቄ የምትጽፍበት? ወንድሜ እንግዳ ፊት ያሳፍራል ብሎ ክሬም ቀለም ቀባው። ክሬም! አሁን የክሊኒክ በር መስሏል፤ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። የእጅ ሰዓትህ ግን እኔ ጋ ነው። አሁንም በቀን ሁለት ደቂቃ ይቀድማል።

እኔ አንተ ባስተማርክበት ትምህርት ቤት፣ እዚሁ ቡታጅራ፣ ስምንተኛ ክፍል ሂሳብ ይዣለሁ። ፍጥነት፣ ጊዜና ርቀት ዛሬ እንዴት እንደሚሰጥ ብታይ ሁለተኛ ትሞት ነበር። መምህራኑ ሦስት ማዕዘን ይሥላሉ፤ ከላይ ርቀት፣ ከታች ፍጥነትና ጊዜ። የተጠየቀውን በጣትህ ሸፍን፣ የቀረውን አባዛ ወይ አካፍል፣ አለቀ። ማን ሄደ፣ ምን ይዞ ሄደ፣ ደከመው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አማካይ ፍጥነት ከተባለ ደግሞ ሁለቱን ፍጥነት ደምሮ ለሁለት መክፈል ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ሳይ ዳስተሩን ነጥቄ ላጠፋው ይቃጣኛል።

ባለፈው ወር ሞዴል ፈተና መጣ። አንዱ ጥያቄ ያንተው ነበር፤ ከየት እንዳገኙት እንጃ። አንዲት ሴት ቆጮ ተሸክማ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚርቅ ገበያ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር እየተጓዘች ሄደች፤ ሸጣ ባዶ እጇን በሰዓት ስድስት ኪሎ ሜትር ተመለሰች። የደርሶ መልስ አማካይ ፍጥነቷ ስንት ነው? የመልስ ቁልፉ አምስት ይላል።

እኔም ሰባተኛ ክፍል ሆኜ አምስት ብዬህ ነበር። አልተቆጣኸኝም። በማግስቱ ክፍሉን በሙሉ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ዳገት ወሰድከን። ግማሽ ማዳበሪያ ድንጋይ በየተራ እያሸከምክ አወጣኸን፤ ባዶ እጃችንን አወረድከን፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰዓትህን አየህ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅከን፤ የቱ ላይ ብዙ ቆያችሁ? ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ገባኝ። ሴትዮዋ ስትሄድ ሦስት ሰዓት ፈጀባት፣ ስትመለስ ሁለት። ሃያ አራት ኪሎ ሜትር በአምስት ሰዓት፣ አራት ነጥብ ስምንት ነው። ብዙውን ጊዜዋን ያሳለፈችው ከጭነቱ ጋር ነው።

ከክፍሌ አራት ነጥብ ስምንትን የመረጠችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ሐያት ትባላለች። እናቷ ከመስቃን ገጠር ቆጮ ተሸክማ ገበያ የምትወጣ ሴት ናት። ወረቀቷን ይዤ የሂሳብ ክፍል ኃላፊያችን ዘንድ ሄድኩ። ማን መሰለህ? ደረጀ ነው፤ ያን ቀን ማዳበሪያውን ከሁላችን ቀድሞ የተሸከመው፣ በለቅሶህ ላይ አባቴ አባቴ እያለ ደረቱን ሲደቃ የነበረው። "ባክሽ ተይው ትዕግሥት፣ ቁልፉ አምስት ካለ አምስት ነው። ሌሎቹም ትምህርት ቤቶች በዚያው ነው ያረሙት፤ ለአንድ ልጅ ብለን ሁሉን እንደገና ልናርም ነው?" አለኝ፣ ቆሎውን እየቆረጠመ። መልሱን ያውቀዋል፣ አባዬ። እያወቀ ነው። ፊቱን ማየት ቀፈፈኝ።

ግን ከእሱ የባሰውን ስማ። ፈረምኩ። ዓርብ ከሰዓት ነበር፣ ደክሞኝ ነበር፣ ቤቴ ልግባ ብዬ ነበር። የሐያት መልስ ላይ ኤክስ አድርጌ የውጤት መዝገቡ ላይ ፈረምኩ።

ሰኞ ደብተር ስሰበስብ የእሷን ገለጥኩ። አራት ነጥብ ስምንት የነበረበት ቦታ በላጲስ ከመፋቁ የተነሳ ወረቀቱ ሳስቷል፤ በላዩ ላይ አምስት ጽፋለች። አሠራሩ ግን ከነነፍሱ አለ፤ ሦስት ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ሃያ አራት ሲካፈል ለአምስት። ለምን አጠፋሽው አልኳት። "ተሳስቼ ነው፣ ቲቸር" አለችኝ፣ አንገቷን ደፍታ። ቧንቧው ጋ ሄጄ እጄን ታጠብኩ፤ ደግሜ ታጠብኩ። ደረጀን ስጠላ ሰንብቼ እጁ የእኔ ሆኖ አገኘሁት። ያቺ ልጅ ያወቀችውን ነገር እንድታጠፋ ያደረግኳት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ማዳበሪያ ፈልጌ ድንጋይ ሞላሁ፣ ሰዓትህን አሰርኩ፣ ክፍሉን ይዤ ወጣሁ። ደረጀ በቢሮው መስኮት ያየን ነበር። ዳገቱ ያው ዳገት ነው፤ እኔ ግን አርጅቻለሁ፣ በተራዬ ስሸከም ልጆቹ ሳቁብኝ። ወርደን ስንጨርስ ያንኑ ጥያቄህን ጠየቅኳቸው። ሁሉም ጮኸው መለሱ፤ ሐያት ግን እናቷ የምትመጣበትን መንገድ ታይ ነበር። ከሰዓት በኋላ መዝገቡን አስወጥቼ ፊርማዬን ሰረዝኩ፤ ነጥቧንም መለስኩላት። ለዚህ ነገ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተጠርቻለሁ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ ብቻ ዛሬ እህል በላሁ።

ልሰናበትህ ስል ያስደሰተኝን ልንገርህ። ሐያት ደብተሯን አምጥታ አሳየችኝ። አምስቱን ሰርዛ ከጎኑ አራት ነጥብ ስምንት ጽፋለች፣ በእስክሪብቶ። እኔም እስካስተማርኩ ድረስ በየዓመቱ በዚያ ዳገት አስታውስሃለሁ፤ ሰዓትህ እጄ ላይ፣ ማዳበሪያው በተራዬ ትከሻዬ ላይ ሆኖ። በሚመጣው ዓመት ደረጀንም አሸክመዋለሁ።

ልጅህ ትዕግሥት