አሥራ አንድ አገሮች ስለ መንደራችን መንገድ የተከራከሩ ዕለት

ይድረስ ለምወድህ አባቴ ለሂልዲንግ፣

አባዬ፣ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? እማዬ በስልክ "የጭነት መኪናውን ወንበር ቀይረውለታል፣ አሁን ሲወርድ እንደ ድሮው አያቃስትም" ብላኝ ደስ አለኝ። እሷስ ደህና ናት? ወንድሜ ሎቬ መንጃ ፈቃዱን አገኘ ወይስ አሁንም ፈታኙን እየረገመ ነው? አያቴስ በዚህ ብርድ ብቻዋን እንጨት ልፍለጥ ማለቷን ተወች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም። እናንተ ጋ በረዶው መንገዱን ሳይሸፍን አልቀረም፤ እዚህ ሆላንድ ዝናብ ብቻ ነው። ሰዉ ግን በዚያ ዝናብ ምንም እንዳልመጣበት ብስክሌቱን ይጋልባል።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ስንት ጊዜ ጀምሬ፣ መጨረሻው ስለ አየሩ ማውራት ሆነብኝ። ስለዚህ ጻፍኩት። መቆጣቱን ትቆጣለህ፤ ብቻ አንብበህ ስትጨርስ ይሁን።

የተቀጠርኩበት ቢሮ በዚህ ሳምንት የአሥራ አንድ አገሮች የመንገድ ደኅንነት ሰዎችን ሰብስቦ ነበር። ሥራው ሲወራ ቀላል ይመስላል፦ በመንገድ የሚሞተውንና አካሉ የሚጎድለውን ሰው ለመቀነስ ከሁሉ አስቀድሞ ምን ይደረግ? በጀቱም ጊዜውም ለሁሉም ስለማይበቃ መምረጥ ግድ ነው። እኔ ከሁሉም ታናሽ ስለሆንኩ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ነበር የገባሁት። ግን ታውቀኛለህ፣ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልበትም።

አባዬ፣ ለካ ሞትም እንደ አገሩ ነው! ሆላንዶቹ የሚያስጨንቃቸው በኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚወድቁ ሽማግሌዎች ናቸው። "ታዲያ ሄልሜት አድርጉላቸዋ!" ብላቸው እናታቸውን የሰደብኩ ይመስል አፈጠጡብኝ። የፖርቱጋሎቹ ጭንቀት በየመንደሩ መንገድ የሚያቋርጠው እግረኛ ነው። ቱውላ የምትባል ፊንላንዳዊት ደግሞ "የእኛዎቹ ጠጥተው ይነዳሉ፤ ሳይጠጡም ለአጋዘን ቦታ አይለቁም" ብላ አሳቀችን። ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም። ሁሉም የየራሱን ሟች ይዞ ነው የመጣው።

የእኛ አገር ተወካይ ምን እንዳለ ገምት። "ሁሉም አስፈላጊ ስለሆነ ሁሉንም እናስገባው።" እውነተኛ ስዊድናዊ! ማንም እንዳይቀየም ብለን አንዱንም ሳንጥል፣ የቅድሚያዎቹ ብዛት አንድ ግድግዳ ሙሉ ሆነ። ሰብሳቢያችን ዊብረን ሆላንዳዊ ነው፣ ይሉኝታ አልፈጠረበትም። ግድግዳውን አየት አድርጎ "ይሄ ቅድሚያ ሳይሆን የሕፃን የገና ምኞት ነው" አለ።

ያኔ እጄን አውጥቼ የአጋዘን አርቢውን የኒላን ጥቁር ፌስታሎች አወራኋቸው። አጋዘኖቹ ወደ መንገድ ሲወርዱ ኒላ ሹፌሮችን ለማስጠንቀቅ በረዶ ሲሸፍነው የመንገዱን ዳር በሚያሳዩት እንጨቶች ላይ ፌስታል እንደሚያስር፣ መንጋው ከሄደ በኋላ ግን የሚያወርደው እንደማይገኝ፣ ስለዚህ ፌስታል አይቶ ፍጥነት የሚቀንስ ሰው እንደጠፋ። አንተም ባለፈው የበረዶ ወራት "ይሄማ የአምና ነው" ብለህ አልፈኸው፣ ከኩርባው ማዶ መንጋው አስፋልቱ ላይ ተኝቶ እንደጠበቀንና ፍሬኑ እንዳተረፈን ነገርኳቸው። ይቅር በለኝ፣ ስምህን አልጠራሁም፤ "አንድ የማውቀው ሹፌር" ነው ያልኩት። "ሁሉም እንጨት ላይ ፌስታል ካሰርን ማንም አያየንም" ብዬ ተቀመጥኩ።

ዊብረን ግን አልለቀቀኝም። "ጥሩ። እንግዲህ አንቺው ንገሪን፣ የቱ ይቅር? የቱስ ይቅደም?" አለኝ። የሚቀድመውን አውቀው ነበር፤ አፍ አውጥቼ መናገሩ ነው የከበደኝ። መሐሉ ላይ መከለያ በሌለው፣ ሁለት መኪና ፊት ለፊት በሚተላለፍበት የገጠር መንገድ ላይ ፍጥነት ይቀነስ፣ በሰዓት ከዘጠና ወደ ሰማንያ ኪሎ ሜትር፣ አልኳቸው። ሰው መሳሳቱ አይቀርም፤ ስህተቱ ግን ሊገድለው አይገባም።

የራሳችን ተወካይ "አንቺ ልጅ፣ ይሄን እናንተ መንደር ብትናገሪ የመኪናሽን ጎማ ያስተነፍሱልሻል" አለኝ። እኔም "ከጎማዬ በፊት አባቴ አለ" አልኩት። ከዚያ በኋላ አንተ ፍጥነቱ እንዳይቀነስ ፊርማ ስታሰባስብ በየቤቱ የምትለውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው፦ ባቡር የለን፣ አውቶቡሱም ቀርቷል፣ ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፣ ያለን መንገዱ ብቻ ነው፤ እሱንም ስቶክሆልም የተቀመጠ ሰው ያዘገይብናል። ቱውላ ጠጋ ብላ "አባትሽ ልክ ነው፤ አንቺም ልክ ነሽ። ችግሩም እሱ ነው" አለችኝ በሹክሹክታ።

ተስማምተው የገጠር መንገድ ፍጥነትን ከፊት አደረጉት። ቀጥሎ ለሙከራ ከየአገሩ አንዳንድ መንገድ ሲመረጥ ዊብረን "የአባትሽን መንገድ ለምን አንሞክረውም?" አለኝ፤ እሺ አልኩት። አፌ ቀድሞኝ ነው አልልህም፤ አስቤበት ነው። ከጋዜጣ ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው።

አሁን የምጠይቅህ ነገር አለኝ፤ የምሬን ነው፣ ልረታህ አይደለም። የአንተ ግንድ ጫኝ ተሳቢ ድሮም ከሰማንያ በላይ አይፈቀድለትም። በዚያ ጭነት ላይ ሆነህ፣ በኩርባው ደርቦ ሊቀድምህ የሚቸኩል ሰው ከኋላህ ባይኖር መንዳቱ ምን ይመስልሃል? ደግሞ እማዬ አለች። አረጋውያንን ለመንከባከብ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስትሮጥ የምትውል ሴት በየቀኑ የምታጣውን ደቂቃ ማን ይመልስላታል? ይሄን እዚህ ማንንም ብጠይቅ መልስ የለውም። እኔም የለኝም። አንተ ካለህ ንገረኝ፣ ይዤው እገባለሁ።

በመጪው ጃንዋሪ ነገሩን ላስረዳ ወደ መንደሩ አዳራሽ ይልኩኛል። ፊርማውን ያሰባሰብከው አንተ ስለሆንክ የፊት ወንበር ያንተ ነው። ተነስተህ ተቃወመኝ። ልጄ ናት ብለህ አትራራልኝ፤ ከራራህልኝ ሰዉ እኔንም አንተንም አያምነንም።

እማዬን ሳምልኝ፤ ደብዳቤውን አንተው አንብብላት፣ የደቂቃውን ነገር እንዳትዘለው። አያቴን የላከችልኝ የሱፍ ካልሲ የሆላንድን ዝናብ ድል ነስቷል በልልኝ። ሎቬን ፈተናውን ካለፈ እንኳን ደስ ያለህ፣ ከወደቀም ፈታኙ ሳይሆን የኋላ ማርሹ ነው ጠላትህ በልልኝ። ለኒላና ለቤተሰቡ ሰላምታዬ ይድረስ። ለአንተ ደግሞ ከሰላምታ ጋር አንድ ልመና አለኝ፦ በአዳራሹ የምንባባለው ምንም ይሁን፣ ስብሰባው ሲያበቃ ወደ ቤት በአንድ መኪና እንሂድ። አንተ ንዳ፤ በፈለግከው ፍጥነት።

ልጅህ ቱቫ
ዩትሬክት፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2023